ጨፍኑ፣ እኔ አለሁ

ሹፌሩ የሰደበኝ ሐሙስ ቀን ነው። ከምሳ በፊት፣ በድሮው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ ልጆቹ በሙሉ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው፣ አዲሷ መምህር ፊት። ሰማዩ ጠቁሮ ዝናብ ሊጥል ሲል ነበር፤ በመስኮቱ ብረት መሐል የሚገባው ብርሃን አመድ ይመስል ነበር። እኔ በሩን ተደግፌ ቆሜያለሁ።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው የሰደበኝን ሰው፣ የሰደበኝን ቀንና የቆምኩበትን ቦታ ስለማልረሳ ነው። ሌላውን እረሳለሁ። መድኃኒቴን መዋጥ እረሳለሁ፤ ባለቤቴ ሳሙና ይዘህ ና ብትለኝ ባዶ እጄን እገባለሁ። ስድብ ግን አይጠፋኝም። የአምስተኛ ክፍል አስተማሪዬ «አንተ የተፈጠርከው ለበር ነው፤ ውጣና እዚያ ቁም» ሲለኝ የትኛው ወንበር ላይ እንደነበርኩ ዛሬም አሳያለሁ። የእህቴ ባል በሠርጉ ቀን «እሱን ከኋላ አስቀምጡልኝ» ሲል ያሰረው ከረባት ቀይ ነጠብጣብ ነበረው። እሱ ከረባቱን ከጣለው ቆይቷል፤ እኔ ግን እስካሁን ይዤዋለሁ።

ሥራዬ ጥበቃ ነው። ጥፋት ሠርተው ዳኛ የላካቸው ልጆች የሚቀመጡበት ግቢ ውስጥ ነው የምሠራው። እስር ቤት ነው ስትሏቸው ኃላፊዎቹ ይቆጣሉ፤ ማረሚያ ነው ይላሉ። በሩ ግን የሚቆለፈው ከውጭ ነው፤ ቆላፊውም እኔ ነኝ። ወገቤ ላይ ትልቅ የቁልፍ ቀለበት አለ። ስራመድ ይንሿሿል። ልጆቹ የት እንዳለሁ የሚያውቁት በዚያ ድምፅ ነው። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ስደርስ ሲጋራ ይጠፋል፣ ጠብ ይበርዳል፣ ካርታ ፍራሽ ሥር ይገባል። ፊት ለፊት «ጋሼ» ይሉኛል፤ ዞር ስል «ጋሼ ቁልፍ»።

መምህሯ የመጣችው ልጆቹን ተመስጦ ልታስተምር ነው። ዋናው ኃላፊ ፈቅዶላታል። ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ፣ ዕድሜዋ ከታናሽ እህቴ የማይበልጥ ሴት ናት። የተጠቀለለ ምንጣፍ ተሸክማ፣ አንዲት ትንሽ የናስ ደወል በቦርሳዋ ይዛ ገባች። «ጫማችሁን በሩ ጋ አውልቁ፤ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፤ ትንፋሻችሁን ተከታተሉ» አለቻቸው። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ቲቸር፣ እስከዛሬ በነጻ ስንተነፍስ ነበር፤ አሁን በትምህርት ሆነ ማለት ነው?» አለ አንዱ።

እኔ አንድ እግሬን ሳሳርፍ ቁልፉ ተንሿሿ። ልጆቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ትከሻቸው ወደ ላይ ወጣ። መምህሯ አየችው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቁልፉን ውጭ ቢያስቀምጡት? ሲሰሙት ይደነግጣሉ።»

«ቁልፍ ውጭ አይቀመጥም» አልኩ።

ይሄኔ ነው ሹፌሩ አፉን የከፈተው። ሹፌሩ የምንለው የጎረቤት መኪና አስነስቶ፣ ሁለት ሰፈር አቋርጦ፣ ዳቦ ቤት ግድግዳ ውስጥ የገባ ልጅ ነው። «ሰው አልሞተም፣ ያለቀው ዳቦ ነው» ብሎ ይቀልዳል። እግሩ ስለተሰበረው ዳቦ ጋጋሪ ግን ሲቀልድ ሰምቼው አላውቅም።

«ቲቸር፣ እንዴት አድርገው ውጭ ያስቀምጡት?» አለ፣ ጨዋ ልጅ መስሎ። «እሳቸው እኮ አይደሉም ቁልፉን የያዙት። ቁልፉ ነው እሳቸውን ይዞ የሚዞረው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሯ አልሳቀችም፤ ግን ከንፈሯን ነከሰች፣ አይቻታለሁ። በ«አንተ» ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ በጥፊ ይመለሳል። በ«እሳቸው» የተሰደበ ሰው ምን ያደርጋል? ጣራውን አየሁ። ቂሜን ግን በዚያው ቋጠርኩ፤ ሐሙስ፣ ከምሳ በፊት፣ ዝናብ ሊጥል ሲል።

ትምህርቱ ግን አልሄደላትም። «ዓይናችሁን ጨፍኑ» ስትል አንድም የሚጨፍን ጠፋ። ቢበዛ ግማሽ ድረስ ይሰብሩትና በሽፋሽፍታቸው ሥር ጎረቤታቸውን ያያሉ። ከሁሉም የሚብሰው ዝንብ የሚባለው ነው፤ ትንሽ፣ አንድ ቦታ የማያርፍ፣ እጁን ሁልጊዜ የሚያፋትግ ልጅ።

«ምንድነው የሚከብዳችሁ?» ብላ ጠየቀች አንድ ቀን፣ ሳትቆጣ።

«ቲቸር» አለ ሹፌሩ፣ «እዚህ ቤት ዓይኑን የሚጨፍን ወይ የሞተ ነው ወይ አዲስ የመጣ። አዲስ ልጅ የመጀመሪያ ቀን ሲተኛ ጫማው ይሄዳል። በማግሥቱ ብርድ ልብሱ። ከዚያ በኋላ መተኛት ይተዋል።»

«እኔ ደግሞ ስጨፍን ነው የሚመቱኝ» አለ ዝንብ።

«አንተማ ስትገልጥም ትመታለህ» አሉት፤ ተሳሳቁ።

ሌላ ሰው ቢሆን ምክር ይጀምር ነበር። እሷ ግን ትንሽ አሰበችና «ማን ቢጠብቃችሁ ትጨፍናላችሁ?» አለች።

ጭቅጭቅ ሆነ። አንዱ «እኔ ልጠብቅ» ሲል «አንተማ ጫማችንን ተጫምተህ ነው የምትጠብቀን» አሉት። ሌላው መምህሯን ጠራ፤ «እሷም መጨፈን አለባት፣ አስተማሪ ናት» ተባለ። በመጨረሻ ሹፌሩ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ።

«ጋሼ ቁልፍ ይጠብቁን።»

ፊት ለፊቴ «ጋሼ ቁልፍ» ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር። ልቆጣ አፌን ስከፍት ቀጠለ።

«ተሳዳቢ ናቸው። ቂመኛ ናቸው። ሲናደዱ ምራቃቸው ይረጫል። ግን አይዋሹም። አስቀጣሃለሁ ካሉ ያስቀጣሉ፤ ትቼሃለሁ ካሉ ትተዋል። ሲዋሹ የያዛቸው አለ?»

ዝንብ ራሱን ነቀነቀ፤ «የለም። ጋሼ አይዋሹም» አለ።

ይሄ ስድብ ይሁን ምስጋና እስከዛሬ አልለየሁትም። በዚህ ዕድሜዬ ማንም፣ የትም ቦታ፣ ለምንም ነገር መርጦኝ አያውቅም። ማንም ሳያዘኝ መሐረቤን አወጣሁና ቁልፉን ጠቀለልኩት፤ እንዳይንሿሿ ብብቴ ሥር ያዝኩት። ከዚያ ምን ማለት እንዳለብኝ ስላላወቅሁ የመጣልኝን አልኩ።

«ጨፍኑ፤ እኔ አለሁ።»

ጨፈኑ። መጀመሪያ ሹፌሩ፣ ቀጥሎ ሌሎቹ። ዝንብ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ በሌላው እኔን አየኝ፣ ከዚያ ሁለተኛውንም ጨፈነ። መምህሯም ጨፈነች።

ያን ጊዜ ያየሁትን ለባለቤቴም በደንብ ማስረዳት አልቻልኩም። እነዚያ ልጆች ዓይናቸው ክፍት ሲሆን ሽማግሌዎች ናቸው፤ የማያውቁት ተንኮል የለም። ዓይናቸው ሲዘጋ ግን ፊታቸው ወደ ልጅነቱ ተመለሰ። አንዱ አፉን ከፍቷል። አንዱ ከንፈሩን እንደሚጠባ ሕፃን ያንቀሳቅሳል። የሹፌሩ የተቋጠረ ግንባር ተፈታ። መምህሯ ደወሏን ስትመታ ሁሉም ደንግጠው ጫማቸውን አዩ። ጫማው እንደተደረደረ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ልማድ ሆነ። እኔ ቁልፉን በመሐረብ ሳልጠቀልልና «ጨፍኑ፤ እኔ አለሁ» ሳልል አይጀመርም። አንድ ሐሙስ ጉንፋን ይዞኝ ሌላ ጠባቂ ተተክቶ ነበር። ሲነግሩኝ ያን ቀን አንድም ልጅ ዓይኑን አልጨፈነም። መምህሯ ተስፋ ቆርጣ የወለሉን ሸክላ ስታስቆጥራቸው ዋለች። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ ብል አልዋሸሁም።

አንድ ቀን እቤቴ ብቻዬን ሞከርኩት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ፣ ጨፈንኩ። ባለቤቴ ገባች።

«ምን ሆንክ? ራስህን አመመህ?»

«እየተነፈስኩ ነው።»

«እስከዛሬስ?»

«ተይኝ እስቲ።»

«እኔማ እተውሃለሁ፤ ጎረቤት እንዳያይህ መጋረጃውን ልዝጋው» አለችና ዘጋችው። ጎረቤት አጥብቃ ትፈራለች። የምሠራበትን ቦታ ሲጠይቋት «መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው» ትላለች እንጂ የት እንደሆነ አትናገርም። የእነዚህ ልጆች ነገር ሲነሳ ሰዎች ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ ጥቁረቱ እኛም በር ላይ የሚደርስ ይመስላታል።

ተመስጦውም አልሆነልኝም። መምህሯ «ሐሳብ ሲመጣ አትጣሉት፣ አትከተሉትም። መጣህ? እሺ፣ በሉትና ወደ ትንፋሻችሁ ተመለሱ» ትላለች። የኔ ሐሳብ ግን ብቻውን አይመጣም፤ ዘመድ አዝማድ አስከትሎ ነው የሚመጣው። አስተማሪዬ መጣ። የእህቴ ባል ከነከረባቱ መጣ። ከሁሉም ኋላ ሹፌሩ መጣ፤ ቁልፉ ነው እሳቸውን ይዞ የሚዞረው፣ እያለ። ለእያንዳንዱ መልስ ስሰጥ ትንፋሼ የት እንደሄደ ጠፋኝ። ተነሳሁ።

ደወሉ ከተመታ በኋላ ልጆቹ ክብ ሠርተው አንዳንድ ነገር ይናገራሉ። ብዙዎቹ «ደህና ነበር»፣ «እግሬ ደነዘዘ» ብለው ያልፉታል። ሹፌሩ ግን አንድ ቀን የካልሲውን ቀዳዳ እያየ እንዲህ አለ።

«ዛሬ እናቴ መጣችብኝ። ትንፋሼን ስቆጥር ድምጿ መጣ። እናቴ የዚህን ቢሮ ስልክ አታነሳም። ቁጥሩን ታውቀዋለች። ሥራ ቦታዋ ሰው ስለሚበዛ፣ ከየት ነው የተደወለልሽ ሲሏት ታፍራለች። በማታውቀው ቁጥር ከሆነ ግን ታነሳለች። ‹ሃሎ፣ ማን ልበል?› ትላለች። እንደዚያ ስትል ድምጿ የሌላ ሰው እናት ይመስላል።»

ማንም አልሳቀም።

«ዳኛው ፊት የምትቀርበው መቼ ነው?» አለችው መምህሯ።

«በሚቀጥለው ሳምንት። የግቢው ኃላፊዎች ‹ጥፋት የለበትም› ብለው ከጻፉልኝ ይለቁኛል። ያኔ ቁጥር ምን ያደርግልኛል? በሩን ነው የማንኳኳው።»

እንግዲህ ሁላችንም ያን ቀን አብረነው ጠበቅን። ልጆቹ ምሳ ላይ ድርሻቸውን ገፋ ያደርጉለት ጀመር። ዝንብ ሸሚዙን አጠበለት። እኔም፣ ሰድቦኝም ቢሆን፣ ሲጋራ ሲያጨስ አግኝቼው አላየሁም ብዬ ዞርኩ። ጥፋት እንዳይገኝበት።

ምክትል ኃላፊው የጠራኝ በዚያ ሰሞን ነው። ምክትሉ በዕድሜ ልጄ ይሆናል፤ «አንተ» ነው የሚለኝ። ቢሮው ውስጥ ወንበር አለ፣ እኔ ግን ቆሜ ነው የማናግረው።

«ግቢው ውስጥ ስልክ አለ» አለኝ፣ በእስክሪብቶው ጠረጴዛውን እየመታ። «ልጆቹ እየደወሉ ነው። አንተ ግን ከነሱ ጋር ቁጭ ብለህ ትተነፍሳለህ።»

«እኔ ቆሜ ነው የምጠብቀው።»

«እሱንማ ሰምቻለሁ። ጠባቂያችን ብለው መረጡህ አሉ።» ፈገግ አለ። «ለምን ይመስልሃል?»

«አይዋሹም ብለው ነው።»

ይህን ስናገር ደረቴ ትንሽ ሳይነፋ አልቀረም፤ አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ምክትሉ ከት ብሎ ሳቀ። «አይ አንተ! እኔን ለምን አልመረጡኝም? ስለማይ ነዋ! አፍንጫህ ሥር ስልክ ሲዞር የማታይ ሰው ስለሆንክ ነው የመረጡህ። ከጀርባህ ምን እንደሚስቁብህ ብትሰማ። መንግሥት ደመወዝ ከፍሎ ለልጆቹ ማሾፊያ ቀጥሮላቸዋል።» ከዚያ ሳቁን ቆረጠ። «ጫማቸውን በር ላይ አይደል የሚያወልቁት? ሐሙስ ሲጨፍኑ ፈትሽ።»

«ልጆቹ እኮ…»

«ልጆቹ ምን?»

ልጆቹ እኮ በእኔ ተማምነው ነው፣ ልለው ነበር። አሁን ደግሞ በዚህ ሊስቅብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

«ምንም» አልኩ።

ሰው ሲያመሰግነኝ አላምነውም፤ ሲሰድበኝ ግን ወዲያው አምነዋለሁ። ተፈጥሮዬ ነው። ከምክትሉ ቢሮ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ሳልደርስ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠብኝ። የዝንብ ራስ መነቅነቅ ሹፈት ሆነ። «ጋሼ አይዋሹም» ያሉት ሲያላግጡብኝ ሆነ። ቁልፌን በመሐረብ ጠቅልዬ እንደ ጡት ልጅ ብብቴ ሥር ይዤ የቆምኩት ሰው ታየኝ፤ ያ ሞኝ እኔ ነኝ። ሌሊቱን ስገላበጥ ባለቤቴ «ዛሬ ደግሞ ትንፋሽህ እምቢ አለህ?» አለችኝ። ጀርባዬን ሰጠኋት።

ሐሙስ ደረሰ። ልጆቹ ጫማቸውን አወለቁ። ሹፌሩ ምንጣፉ ላይ ሲቀመጥ ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ የመጨረሻዬ ትሆናለች መሰለኝ» አለኝ። «ይሁንልህ» አልኩት። ቁልፉን ጠቀለልኩ።

«ጨፍኑ፤ እኔ አለሁ።»

ድምፄ ምንም አልተለወጠም። ይሄ ነው የሚገርመኝ።

ጨፈኑ። መምህሯ በለስላሳ ድምፅዋ «ትንፋሹ ሲገባ እወቁት፤ ሲወጣ እወቁት» ማለት ጀመረች። እሷም ጨፍና ነበር። በክፍሉ ውስጥ የተገለጠ ዓይን የኔ ብቻ ነበር። ቀስ ብዬ ቁጢጥ አልኩ፤ ጉልበቴ ቋ አለ። ማንም አልገለጠም። ቢሰሙም «ጋሼ ናቸው» ብለዋል።

ጫማ ሲዳሰስ ስለ ሰው ብዙ ይናገራል። አንዱ ተረከዙ አልቆ ካርቶን ተጎዝጉዞበታል። አንዱ በክር ፈንታ ላስቲክ ገመድ አስሮበታል። የዝንብ ጫማ ግራና ቀኙ የተለያየ ነው፤ ውስጡ ገና ይሞቃል። ምንም አላገኘሁም፤ እፎይ ልል ነበር። የሹፌሩን የቀኝ ጫማ ገበር ሳነሳው ግን በላስቲክ ቅዳጅ የተጠቀለለች ሲም ካርድ ጣቴ ላይ ተለጠፈች።

ስልክ አይደለም። ሲም ብቻ። የራሱ ቁጥር። ለምን እንደያዘው ነግሮናል፤ ክብ ሠርተን ተቀምጠን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እናቱ የማታውቀው ቁጥር ነው። ሃሎ፣ ማን ልበል?

ምክትሉ እዚያ አልነበረም። በሩም ዝግ ነው። መልሼ ገበሩን ብደፋው ማን ያውቅብኛል? «የለም፣ ፈትሻለሁ» እለዋለሁ፤ ዋሽቼ የማላውቅ ሰው ነኝ፣ ያምነኛል። ይህን ሁሉ አስቤያለሁ፤ አላሰብኩም አልልም። ቀና ብዬ ሹፌሩን አየሁት። ፊቱ ያን ቀን እንደነበረው ተፈትቶ ነበር። የእናቱን ነገር ማሰብ ሲገባኝ ያች ሐሙስ መጣችብኝ፤ ዝናብ ሊጥል ሲል፣ ልጆቹ ሲስቁ፣ መምህሯ ከንፈሯን ስትነክስ። ቁልፉ ነው እሳቸውን ይዞ የሚዞረው። ሲሟን ኪሴ ከተትኩና ተነስቼ ቦታዬ ቆምኩ።

ደወሉ ተመታ። ልጆቹ ዓይናቸውን ገልጠው ጫማቸውን አዩ። ጫማው እንደተደረደረ ነበር።

ምክትሉ ሲሟን ከእጄ ሲቀበል ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ጎበዝ! ዓይን አለህ ለካ።» ሰው ለበቅሎም እንዲህ ያደርጋል። ማመስገኑ ነበር፤ እኔ ግን ከቢሮው ስወጣ እንደ ተሰደበ ሰው ፊቴ ይነድድ ነበር።

ሹፌሩ ዳኛ ፊት ሲቀርብ የግቢው ኃላፊዎች «ጥፋት አለበት» አሉ። ቀጠሮው ወደ ክረምት ማብቂያ ተገፋ። እስከዚያ ለብቻው ወደሚታሰርበት የጀርባ ክፍል ለጥቂት ቀናት ገባ። እናቱ ችሎቱ ላይ እንዳልነበረች ሰማሁ፤ ለእሷ ማን ደውሎ ይነግራታል? ከቢሮ ቢደወል አታነሳም።

ልጆቹ ነገሩን እንደ ሕግ አዋቂ መረመሩት። ጫማው ከሹፌሩ እግር የሚለየው በተመስጦው ክፍል ውስጥ ብቻ ነው፤ ማታ እንኳን አድርጎት ነው የሚተኛው። ስለዚህ አንዱ ዓይኑን ገልጧል። አንዱ ሲሟን አንስቶ ለምክትሉ ሰጥቷል። ማን? መጨረሻ የሚጨፍነው ማነው? በር አጠገብ የሚቀመጠው ማነው? ዝንብ!

እኔ ወደ አእምሯቸው አልመጣሁም። ይሄ ነው የገደለኝ። ምክትሉ ስለሚንቁኝ ነው የመረጡኝ ያለው ውሸት እንደነበረ ያወቅሁት ያኔ ነው። አንድ ሰው እንኳን፣ በስህተት እንኳን፣ «ጋሼስ?» ብሎ ቢጠይቅ ትንሽ ይቀለኝ ነበር።

በቀጣዩ ሐሙስ ዝንብ ከንፈሩ ተሰንጥቆ መጣ። ምንጣፉ ላይ አጠገቡ የሚቀመጥ ጠፋ፤ ተንፏቅቆ እግሬ ሥር መጣ። መምህሯ «ምን ሆነህ ነው?» ስትለው «ወድቄ» አለ። ከዚያ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ጋሼ፣ እርስዎ ሲያዩ አልነበር? ይንገሩልኝ እንጂ» አለኝ። ቁልፉን እየጠቀለልኩ ነበር፤ መሐረቡ ሁለት ጊዜ ከእጄ ወደቀ።

«ጋሼ፣ እንጀምር?» አለች መምህሯ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ «ጨፍኑ፤ እኔ አለሁ» አልኩ።

ጨፈኑ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዝንብ እንኳን፣ በዚያ በተሰነጠቀ ከንፈሩ፣ ሁለቱንም ዓይኑን አንድ ላይ ጨፈነ። እኔን ተጠግቶ ስለተቀመጠ።

በማግሥቱ ሹፌሩን ከጀርባ ክፍል እንዳወጣው ታዘዝኩ። በሩን ስከፍት ግድግዳውን ተደግፎ፣ እግሩን አጣጥፎ፣ መምህሯ እንዳስተማረችው ተቀምጦ ነበር። ከስቷል።

«ብቻህን ትጨፍናለህ እንዴ?» አልኩት፣ የምለው ስላጣሁ።

«እዚህ ማን ይመታኛል?» አለና ተነሳ። ጫማውን አላሰረውም።

ኮሪደሩን አብረን ጀመርነው። ቁልፉ ይንሿሿል። ጫፉ ላይ፣ ወደ ግቢው በሚያወጣው የብረት በር በኩል ዝንብ ቆሞ ይጠብቃል፤ ፍርግርጉን በሁለት እጁ ይዞ። ከኋላው ራቅ ብለው ሌሎቹ ተደግፈው ቆመዋል፤ ዝንብን ያያሉ፣ እኛን ያያሉ። ሹፌሩ ቆመ። እኔም ቆምኩ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጆቹ ዝንብ ነው ይላሉ። እኔ ስወጣ ፍርዱን እንድሰጥ እየጠበቁ ነው። ‹ነው› ካልኩ ይጨርሱታል፤ ‹አይደለም› ካልኩ ይተዉታል።»

«እንግዲህ…»

«እኔ አላውቅም፤ ጨፍኜ ነበር። እርስዎ ነዎት የሚያውቁት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሌላ ማስረጃ አልፈልግም። አይደለም ካሉኝ አይደለም። ዝንብ ነው?»

አንዲት ቃል ናት። አይደለም። እሷን ብላት ዝንብ ይድናል። ግን ከእሷ ኋላ «ታዲያ ማነው?» የሚል ጥያቄ ቆሞ ይታየኛል፤ እሱን ተከትሎ ደግሞ መምህሯ፣ ምንጣፉ፣ «ጋሼ አይዋሹም» ያለው ዝንብ። አፌን ከፈትኩ። ሹፌሩ ዓይኔን እያየ ጠበቀ፤ ክፉ ሳይናገር፣ ሳይቸኩል፣ ደወል እንደሚጠብቅ ሰው። ዝንብም በፍርግርጉ መሐል እኔን ነበር የሚያየው።

እጄን ዘርግቼ የብረቱን በር ከፈትኩለት። ከዚያ ዞርኩ።

«ጋሼ?» አለ ከኋላዬ።

መራመድ ጀመርኩ። ቁልፉ መንሿሿት ሲጀምር በመዳፌ ጨበጥኩት።

«ጋሼ» አለ ደግሞ። ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው ጥያቄ አልነበረም። ገብቶታል። ቀጥሎ ለዝንብ የሆነ ነገር ሲለው ሰማሁ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ ታላቅ ወንድም፣ «ና፣ አይዞህ» የሚል ነገር።

ለእኔ ደግሞ ስድቡን ጠበቅኩ። አንገቴን ደፍቼ፣ ትከሻዬን አጥብቄ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ጠበቅኩ። አንድ ቃል ቢወረውርብኝ፣ ቀኑን ይዤ፣ ሰዓቱን ይዤ፣ የቆምኩበትን ይዤ እኖር ነበር። ምንም አላለኝም። ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ ቁልፉን ጨብጬ፣ ድምፅ እንዳያሰማ ጨብጬ፣ ሳልመልስለት ሄድኩ።